ምዕራፍ 6፦ በደም ሥር ውስጥ ያለ ደለል

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ አካፋውን ይዞ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ክረምቱን ሙሉ ጎርፍ ሲያንከባልለው የከረመው አፈር ቦዩ ውስጥ ተኝቷል። ሳይጠረግ ውሃ ቢለቀቅበት ምን እንደሚሆን ለዚያ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ውሃው ወደፊት መሄድ ሲያቅተው ወደኋላ ይተኛል፤ ከፍ እያለ ይመጣል፤ ከዚያ የቦዩን ደካማ ጎን ፈልጎ ይጥሳል። ታች ያለው የሽንኩርት መደብ ተጠምቶ ሳለ፣ ላይ ያለው የጎረቤት ማሳ ይጥለቀለቃል።

ይህ ምዕራፍ ስለዚህ ዓይነት ቦይ ነው። ቦዩ ግን በሰው ሆድ ውስጥ ነው ያለው፤ የሚፈስበት ደም ነው፤ ደለሉ ደግሞ እንቁላል ነው።

“የደም ሥር በሽታ” ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የከተማ ሕመም ነው፦ ጨው፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ቁጭ ብሎ መዋል፣ እርጅና። ተላላፊ በሽታ፣ ያውም ትል፣ የሰውን ደም ሥር ይዘጋል ቢባል ለጆሮ እንግዳ ነው። በምዕራብ ጎጃም ወንዞች ዳር ለሚያድግ ልጅ ግን ይህ ከሲጋራና ከስኳር የቀረበ አደጋ ነው።

ሕመሙ የመጨረሻ ደረጃው ላይ ሲደርስ የሚታየው እንዲህ ነው። ቀኑን ሥራ ላይ ውሎ፣ እራቱን በልቶ የተኛ የሠላሳ አምስት ዓመት ገበሬ ሌሊት ላይ ያቅለሸልሸዋል። ተነስቶ ሲያስመልስ የሚወጣው ደም ነው፤ ሳህን ሙሉ። ቁርጠት የለው፣ ውጋት የለው፣ ትኩሳት የለው። ሲነጋ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ቤተሰቡ ተረባርቦ ሆስፒታል ያደርሰዋል። ተረኛው ሐኪም ሆዱን ሲዳስስ በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቱ በታች፣ ጠንካራ ነገር እጁ ላይ ይመጣል። ጣፊያው ነው፤ አብጦ ወደ እምብርቱ ወርዷል።

ከዚያ ጥያቄዎቹ ይከተላሉ። “አረቄ ይጠጣሉ?” “የወፍ በሽታ ይዞዎት ያውቃል?” “ጨጓራዎን ያምዎታል?” ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሦስቱም ደም ሊያስተፉ የሚችሉ ምክንያቶችን የሚፈልጉ ናቸውና። በዚህ አካባቢ ግን አንድ ጥያቄ ሊታከልባቸው ይገባል፦ “ልጅ ሳሉ የሚዋኙት የት ወንዝ ነበር?”

በሽታው ቢልሃርዚያ ነው። ስሙን የማያውቅ የለም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሳይንስ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን ያልገለበጠ ተማሪ ጥቂት ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው እንደ ሆድ ትል ነው፤ እንደ ወስፋትና እንደ ኮሶ ሁሉ አንጀት ውስጥ የሚኖር ይመስለዋል። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። የቢልሃርዚያ ትል አንጀት ውስጥ አይኖርም። የሚኖረው በደም ሥር ውስጥ ነው፤ ደም ውስጥ እየዋኘ፣ ደም እየበላ፣ ደም ሥሩን ቤቱ አድርጎ።

ትሉ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወንዱ ጠፍጣፋ ሰውነቱን ግራና ቀኙን አጥፎ ቦይ ይሠራል፤ ከእርሱ ቀጠንና ረዘም የምትለው ሴቷ በዚያ ቦይ ውስጥ ትተኛለች። እንደተቃቀፉ ዓመታትን ይኖራሉ፤ በአማካይ ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከ30 ዓመት በላይ። ከተወረረ አካባቢ ርቀው በሌላ አገር ከኖሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሕያው እንቁላል የተገኘባቸው ሰዎች አሉ። የሰውነት መከላከያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አይገድላቸውም? ትሉ ከባለቤቱ ደም የተወሰዱ ምልክቶችን ቆዳው ላይ ይለጥፋል። የደም ዓይነት ምልክት ሳይቀር። ስለዚህ የሚያየው ወታደር ሁሉ የቤት ሰው መስሎት ያልፈዋል።

ትሉ ራሱ ደም ሥሩን አይዘጋም። ጉዳቱ የሚመጣው ከልጆቹ ነው።

በጎጃም ያለው ዓይነት፣ ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው፣ አንጀትን በሚከቡ ቀጫጭን ደም መልስ ሥሮች ውስጥ ይሰፍራል። እዚያ የደረሰውም ከደሙ ፍሰት በተቃራኒ እየተሳበ ነው። አንዲት ሴት ትል በቀን 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ርዝመቱ 0.14 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጎኑ ላይ አንድ ሹል እሾህ አለው። ዓላማው ከደም ሥሩ ግድግዳ ሾልኮ ወደ አንጀት ውስጥ ገብቶ ከሰገራ ጋር መውጣት ነው። ከፊሉ ይሳካለታል፤ አንጀቱን ሲበሳም ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስከትላል። ያልተሳካለትን ደሙ ጠርጎ ይወስደዋል።

ወዴት? ይህን ለመረዳት የደሙን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። በአንድ ትልቅ ሥር ተሰብስቦ ወደ ጉበት ይገባል፤ ሐኪሞች ፖርታል ይሉታል፣ የጉበት በር እንደማለት። ጉበት ውስጥ ዋናው ቦይ ወደ ትናንሽ ቦዮች፣ ትናንሾቹም ወደ ባሰ ቀጫጭን ይከፋፈላሉ፤ ልክ ከወንዝ የተጠለፈ ውሃ ከዋናው ቦይ ወጥቶ በየመደቡ እንደሚዳረስ። በዚያ መንገድ ላይ 0.14 ሚሊ ሜትር እንቁላል የማያልፍበት ጥበት ላይ ደርሶ ይቆማል።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው 10 ጥንድ ትል ብቻ ቢኖረው፣ በቀን 3 ሺህ፣ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንቁላል ደም ሥሩ ውስጥ ይጣላል። ግማሹ እንኳ ቢወጣ፣ ግማሽ ሚሊዮኑ በሰውነቱ ይቀራል። ውስጡ ያለው ዕጭ በሦስት ሳምንት ገደማ ይሞታል፤ ሰውነት ግን የገባበትን ባዕድ ነገር ዝም ብሎ አያይም። እያንዳንዱን እንቁላል በነጭ የደም ሕዋሳት ይከብበዋል፣ ያጥረዋል፣ በመጨረሻም በጠባሳ ይለስነዋል። ጠባሳው ከጠባሳ ይያያዝና በደም ሥሩ ዙሪያ እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል። እ.ኤ.አ. በ1904 ካይሮ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሲመርስ እንዲህ ያለ ጉበት ሲሰነጥቅ ያየው ነገር፣ በዚያ ዘመን ትምባሆ ይጨስበት የነበረውን የነጭ ሸክላ ፒፓ ዘንግ በየአቅጣጫው የሰኩበት መስሎት ነበር። ስያሜው እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቦይ የሚጠርገው ገበሬ አስቀድሞ ያውቀዋል። ደሙ ወደፊት መሄድ ሲያቅተው ወደኋላ ይተኛል። ጣፊያ በደም ተወጥሮ ያብጣል። ሆድ ውሃ ይቋጥራል። የታገደው ደም ወደ ልብ የሚደርስበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ከሚያገኛቸው አንዱ በምግብ ቧንቧ ታችኛ ጫፍ ያሉት ስስ ደም ሥሮች ናቸው። ያን ያህል ደም እንዲሸከሙ አልተፈጠሩም። ይለጠጣሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል። አንድ ሌሊት አንዱ ይፈነዳል።

በዚህ አያበቃም። ደሙ አዲስ መንገድ ሲከፍት እንቁላሎቹም አብረው ይሻገራሉ፤ ጉበትን ዞረው ሳንባ ይደርሳሉ። እዚያም የሳንባን ደም ሥሮች በዚያው ዓይነት ጠባሳ ያጠባሉ፤ የልብ ቀኝ ክፍል በጠበበው በኩል ደም ሲገፋ ይደክማል። በዓለም ላይ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ከሚያስከትሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ትል ነው። ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ የገጠር ወጣት ዳገት ላይ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ከኋላው የወንዝ ታሪክ ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር በደንብ ሊሰመርበት ይገባል። በትሉ ከተያዙት አብዛኞቹ እዚህ ደረጃ አይደርሱም። ይህን ያህል ጠባሳ ለመገንባት ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ በየጊዜውም ደጋግሞ መያዝ ይፈልጋል። የብዙዎቹ ጉዳት ጸጥ ያለ ነው፦ ደም ማነስ፣ የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ። በተጨማሪም የሳልሞኔላ ባክቴሪያ በትሉ ቆዳ ላይ ተጣብቆ መደበቅ ይችላል፤ መድኃኒት ወስዶ ዳነ የተባለ የታይፎይድ ሕመምተኛ ትሉ እስካልሞተለት ድረስ ትኩሳቱ እየተመላለሰ ሊያስቸግረው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። “ታይፎይዴ ተነሳብኝ” የሚል ሰው በማይጠፋበት አገር ይህን ማወቅ ከባድ ዋጋ አለው።

ትሉን መጀመሪያ ያየው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ አስከሬን ሲመረምር በዚያው በጉበት በር ደም ሥር ውስጥ አገኘው፤ በሽታው ስሙን ይዞ ቀረ። ግብፅ ለዚህ ጥናት ዋና ስፍራ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ሌላ ተመራማሪ 3 ሺህ ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ የግብፅ ሙሚያዎች ኩላሊት ውስጥ የዚህ ትል ዘመድ እንቁላሎችን አግኝቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ግብፅን ያጠጣው ውሃ መነሻው የት እንደሆነ ለጎጃም አንባቢ መንገር አያሻም። የፍኖተ ሰላሙ ላህ፣ ብር፣ የቡሬው ፈጣም፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አባይ ያዞሩ ናቸው።

ትሉ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። መሃል ላይ ቀንድ አውጣ መኖር አለበት። ይህን ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ1913 ጃፓናውያን ናቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ብሪታኒያዊው ላይፐር ለግብፁም ዓይነት ይህንኑ አስመሰከረ። በኢትዮጵያ ሺስቶሶማ ማንሶኒን በዋናነት የምትሸከመው ቀንድ አውጣ ቢዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ትባላለች። መጠኗ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አትበልጥም፤ ቅርፊቷ ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ተጠቀለለ ጅራፍ ነው። ብትጨፈለቅ ደሟ ቀይ ነው፤ ከብዙ ቀንድ አውጣዎች የምትለይበት አንዱ ነገር ይህ ነው። ወንድም ሴትም በአንድ አካል ስለሆነች፣ ጎርፍ ጠራርጎ አንዲት ብቻ ቢያስቀር እንኳ መንደር መልሳ ታቆማለች።

ቦታም ትመርጣለች። ፈጥኖ የሚወርድ ፏፏቴ አይስማማትም፤ ሙቀት የበዛበት ቆላም፣ ውርጭ የሚጥልበት ደጋም አይመቻትም። በኢትዮጵያ የዚህ በሽታ መተላለፊያ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ 2,100 ገደማ። ወይና ደጋው፣ በርበሬውና በቆሎው የሚያምርበት፣ ሰው ሊኖርበት የሚመርጠው ቦታ ሁሉ ለእርሷም ይመቻታል። ምዕራብ ጎጃምም በአማራ ክልል ትሉ ሥር ከሰደደባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

ወቅቷንም ታውቃለች። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ አብዛኞቹን ይወስዳቸዋል። የተረፉት ውሃው ጋብ ሲል፣ ሣር ባለበት ጥግ፣ ድንጋይ ሥር፣ የወደቀ ቅጠል ጀርባ ላይ እንደገና ይረባሉ። ቁጥራቸው የሚበዛው በበጋ ነው። ይኸውም ገበሬው ቦዩን ጠርጎ ውሃ የሚለቅበት፣ እናቶች ጋቢና ነጠላ የሚያጥቡበት፣ የአብነት ተማሪው ልብሱን ይዞ የሚወርድበት፣ ከብት ጠባቂው ልጅ በጉድባው ውሃ የሚንቦጫረቅበት ወቅት ነው።

አሁን የጥርን ወር አንድ ቀን ትኩር ብለን እንመልከት። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ወንዙ ጥርት ያለ ነው፤ ከታች ጠጠሩ ይታያል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ሰው ዳር ላይ ተጸዳድቷል። እንቁላሎቹ ጨው አልባው የወንዝ ውሃ ሲነካቸው ተፈለፈሉ፤ የወጣው ዕጭ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። አንዱ አገኘ። ከአራት አምስት ሳምንት በኋላ ያች ቀንድ አውጣ ከዚያ ከአንድ ዕጭ የተባዙ ሺዎችን በየቀኑ ወደ ውሃው መልቀቅ ጀመረች። ሰርካሪያ ይባላሉ። ጅራታቸው ጫፉ ላይ እንደ መንሽ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የሚወጡት ብርሃን ሲነካቸው ነው፤ የማንሶኒ ዓይነት በብዛት የሚለቀቀው ደግሞ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ላባቸውን የሚታጠቡበት ሰዓት ላይ ነው። በዓይን አይታዩም። የእግር ቆዳ ሲያገኙ ጅራታቸውን ጥለው በደቂቃዎች ውስጥ ይገባሉ። ልጁ ምናልባት ትንሽ ያሳክከው ይሆናል።

ከዚያ በሥር ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ጉበት። እዚያ አድገው፣ ተጣምረው ወደ አንጀት ዙሪያ ይወርዳሉ። ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ሲሆን የመጀመሪያው እንቁላል ይጣላል። ትሉን ፈጽሞ የማያውቅ ሰውነት በዚህ ጊዜ በኃይል ሊደነግጥ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኦሞ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲቀዝፉ የከረሙ አሜሪካውያን አገራቸው ሲገቡ በትኩሳት ተያዙ፤ ሲመረመሩ ማንሶኒ ተገኘባቸው። በወንዙ ዳር የተወለደ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይሰማው ያልፋል። እዚህ ላይ ነው የነገሩ ክፋት፤ ትኩሳት ቢኖር እናቱ ጤና ጣቢያ ትወስደው ነበር።

ጤና ጣቢያ ቢሄድ ምርመራው ቀላል ነው። ካቶ ካትዝ የሚባለው ዘዴ የሚፈልገው ትንሽ ሰገራ፣ ወንፊት፣ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መለኪያና ግሊሰሪን የጠጣ ሴሎፋን ነው። በመለኪያው የሚያልፈው 41.7 ሚሊ ግራም ነው። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሥር ባለ እሾህ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ይቆጥርና በ24 ያባዛል፤ በአንድ ግራም ሰገራ ስንት እንቁላል እንዳለ ይወጣለታል። ከ100 በታች ቀላል፣ 400 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ጥቂት ትል ያለበትን ሰው ግን ሊያመልጠው ይችላል። ቁጥሩም ዛሬ ምን ያህል እንቁላል እንደሚወጣ እንጂ ባለፉት አሥር ዓመታት ጉበት ውስጥ ምን ያህል እንደተቀበረ አይናገርም። የተቀበረውን የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው፤ በፖርታል ሥር ዙሪያ ነጫጭ ጥምጥም ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ በሽታ ሲጻፍ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይጠራ ቢታለፍ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ነበሩ። ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ እንዶድ ቀጥቅጠው፣ አረፋውን እያስነሱ። ወጣቱ ሳይንቲስት ከሴቶቹ በታች ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ፤ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ እዚያ። ከላይ ሕያው ቀንድ አውጣዎችን አስለቀሙ፤ ዕቃ ውስጥ ጨምረው ከእንዶዱ አረፋ አንዲት ሴት እንድታፈስበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ጎጃም ውስጥ እንዶድ ምን እንደሆነ የማያውቅ ቤት የለም። ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሲታሽ የሚያወጣው ነጭ አረፋ ጋቢውን እንደ ጥጥ ያነጣዋል። ያን አረፋ የሚፈጥረው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ይኸው ነው። ከእንዶድ ውስጥ ተነጥሎ የወጣው ዋናው ውሁድ ለማቶክሲን የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ የአግኚውን የአባት ስም ይዞ።

ከዚያ የተከተለው ሥራ ረጅም ነበር። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። አድዋ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ወንዞቹ በእንዶድ እየታከሙ ሲጠና፣ በሕዝቡ ውስጥ የነበረው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከሁሉ የሚደንቀው የሕፃናቱ ነው፤ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። አዲስ የሚያዝ ልጅ ሊጠፋ ምንም አልቀረም ማለት ነው። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉ የእርሻ ባለሙያ ደግሞ ከብዙ የእንዶድ ዝርያዎች መካከል ኃይለኛውን መርጠው አባዙ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ።

ሽልማቱ መጣ እንጂ እንዶድ በወንዞቻችን ላይ አልተስፋፋም። ዓለም አቀፍ ተቋማት በውድ ላቦራቶሪዎች የተሠራ የደህንነት ማስረጃ ጠየቁ፤ የድሃ አገር ተመራማሪ ደግሞ ያን የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም። ዓመታት በዚህ አለፉ፤ ይህን ማሰብ ያሳዝናል። በሌላ በኩል ተክሉ የራሱ ድክመት እንዳለበት መካድ አይገባም። ዓሣ ይገድላል። የቀንድ አውጣዋን እንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ በየጊዜው መደገም አለበት። ማንም ተነስቶ የመንደሩን ወንዝ በእንዶድ ልሙላ ቢል ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ዓለም ፊቱን ያዞረው ወደ እንክብል ነው። ፕራዚኳንቴል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጀርመን ኩባንያዎች ተሠራ። ከእርሱ በፊት የነበረው ሕክምና በደም ሥር የሚሰጥ የአንቲሞኒ መርፌ ነበር፤ ግብፅ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዘመቻ ስትሰጠው መርፌዎቹ በደንብ ሳይቀቀሉ ከሰው ወደ ሰው ይዞሩ ስለነበር ሄፓታይተስ ሲ ተዛመተ፤ አገሪቱ በዓለም ላይ ከፍተኛውን የሄፓታይተስ ሲ ሥርጭት የተሸከመችው በዚህ ምክንያት ነው። ከትል ያዳኑት ጉበት በቫይረስ ተያዘ። የሚዋጥ እንክብል መምጣቱ ምን ያህል በረከት እንደሆነ የሚገባው ይህ ሲታሰብ ነው።

በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የትምህርት ቤት የትል መከላከያ ዘመቻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ነው። መድኃኒቱን በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የሚለግሰው መርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። አሰጣጡን ያየ ሰው ቀላልነቱ ይገርመዋል። ሚዛን አያስፈልግም፤ ግድግዳ ላይ ቁመት የሚለካ ዘንግ ይቆማል፤ ልጁ ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ያስጠጋል፤ አናቱ የደረሰበት መስመር የእንክብሉን ቁጥር ይናገራል። ቁመቱ 130 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት እንክብል። ምግብ በልቶ መዋጥ አለበት፤ ባዶ ሆዱን የመጣ ልጅ ያጥወለውለዋል፣ አንዳንዱም ያስመልሳል። ያን ያየች እናት “መድኃኒቱ ልጄን አሳመመው” ብላ በሚቀጥለው ዓመት ልታስቀረው ትችላለች፤ አስተማሪውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቀድመው ሊያስረዷት የሚገባውም ለዚህ ነው። ትል የበዛበት ልጅ መድኃኒቱን ሲውጥ ሆዱን የበለጠ ይቆርጠዋል፤ የሚሞቱት ትሎች ናቸው ሕመሙን የሚያስነሱት።

መድኃኒቱ ሁለት ነገር አያደርግም። ገና ያላደጉ ትሎችን አይገድልም፤ ወንዝ ውስጥ ያለችውን ቀንድ አውጣም አይነካም። ሰኞ እንክብሉን የዋጠ ልጅ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ወደዚያው ውሃ ሊገባ ይችላል። የወንዙ ዳር መጸዳጃ እስከሆነ፣ ቦዩ ሣር እስከለበሰ ድረስ ዑደቱ ይቀጥላል። ውሃ ማቆር ደግሞ ያባብሰዋል። በሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ1986 የዲያማ ግድብ ተሠራ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀድሞ በማይታወቅበት በሪሻር ቶል ከተማ የአንጀት ቢልሃርዚያ ታየ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን ነዋሪ ያዘ። ጎጃም መስኖ ይፈልጋል፤ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ብቻ 7 ሺህ ሄክታር የሚያጠጣ ነው፤ የገበሬውን ኑሮ የለወጠ ሥራ ነው። ስለዚህ ቦይ አይቆፈር ማለት አይቻልም። ሲቆፈር ግን አጠገቡ መጸዳጃ ቤት መኖሩ፣ የቦዩ ሣር በየጊዜው መመንጠሩ፣ ውሃው አልፎ አልፎ ተዘግቶ ቦዩ መድረቁ ከምህንድስናው እኩል ሊታሰብበት ይገባል። ለመታጠቢያ የተቀዳ ውሃን አንድ ሁለት ቀን በእንስራ ወይም በጄሪካን ማሳደርም ይጠቅማል፤ ሰርካሪያው ቆዳ ካላገኘ ከዚያ በላይ አይቆይም።

እንክብሉ ደም ሥሩ በጠባሳ ከመዘጋቱ በፊት መድረሱ ወይም አለመድረሱ ሁሉንም ይወስናል። ጉበት በዚህ በሽታ ጠባሳ ቢለብስም ሥጋው ራሱ፣ ሥራውን የሚሠሩት ሕዋሳት፣ ለረጅም ጊዜ ደህና ሆነው ይቆያሉ፤ ከአረቄ ጉበት የሚለየው በዚህ ነው። ደም ያስመለሰው ገበሬ ዓይኑ ቢጫ ያልሆነው፣ ደሙ ከተተካለትም የመዳን ዕድሉ የተሻለ የሆነው ለዚህ ነው። በአሥር ዓመቱ የታከመ ልጅ ደግሞ ከዓመታት በኋላ አልትራሳውንድ ሥር ሲታይ፣ በፖርታል ሥሩ ዙሪያ የነበረው ነጭ ጥምጥም ሳስቶ፣ አንዳንዴም ጠፍቶ ይገኛል።

የሠላሳ አምስት ዓመቱ ሰው ጠባሳ ግን ቦታውን ይዟል። ለእርሱ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ግፊቱን የሚቀንስ ፕሮፕራኖሎል በየቀኑ ይውጣል። በየተወሰነ ሳምንቱ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተመላልሶ ኢንዶስኮፒ ይገባለታል፤ ሐኪሙ በምግብ ቧንቧው ታች ያበጡትን ሥሮች አንድ በአንድ በትናንሽ የጎማ ቀለበቶች ያስራቸዋል፤ ዛሬ ሦስት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለት፣ የሚታሰር እስኪጠፋ ድረስ።